በሻምበሉ ባርኔጣ ውስጥ የተገኘችው ፍሬ

ዲያቆን ኤልናታን ሆልት የሰደበኝ በ1777 በመጋቢት ወር ሁለተኛው ሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ፣ በሼፍልተን መሰብሰቢያ ቤት ውስጥ ነው። ስልሳ ሦስት ወንዶች ነበሩ። ቆጥሬአቸዋለሁ። ዲያቆኑ ከመቀመጫው ተነሣና ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ወደ እኔ ሳያይ እንዲህ አለ፦

«እባብ ሁለት ልጅ ወልዶ አንዱ ቢሄድ አንዱ ቢቀር፣ የቀረውን እርግብ ነው ትሉታላችሁ? ገና ቆዳውን አልገፈፈም እንጂ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ባለ ወፍጮው ያቤጽ ፒም ዓይኑን በእጅጌው እስኪጠርግ ድረስ ሳቀ። የአክስቴ ልጅ ባልም ሳቀ፤ በዚያው ሳምንት በሬዬን ተውሶ ነበር። ሻምበል ሩፎስ ፔክ አልሳቀም፤ ግን ፒፓውን በጥርሱ ነክሶ ወደ ጣሪያው አየ። እኔ ያንንም ከሳቅ ቆጥሬዋለሁ።

የሄደው እባብ ታላቅ ወንድሜ ዮታም ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የእንግሊዝ ጦር ቦስተንን ለቆ ሲወጣ፣ አብሮ መርከብ ላይ ተሳፍሮ ወደ ሃሊፋክስ ሄደ። የንጉሡ ወገን ነበር። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ ዮታም ለንጉሥ የሚገባ ነገር ይወድ ነበር፤ ጥሩ ኮት፣ ጥሩ ፈረስ፣ ጥሩ ሙዚቃ። እኔ ግን የማንም ወገን ሆኜ አላውቅም፤ ድንጋይ ከእርሻዬ እየለቀምኩ ነበር።

ከስድቡ በኋላ የመጣውን ልንገራችሁ። ጠመንጃዬን ወሰዱ። ለጥይት የሚቀልጥ የቆርቆሮ ሳህን ሲሰበሰብ ሌላው ሰው አንድ ሁለት ሲሰጥ ከኔ ቤት ስድስቱንም ወሰዱ፣ ማንኪያውን ጨምረው። በእኛ አገር በመሰብሰቢያው ቤት እሁድ እሁድ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስኑ ሦስት ሽማግሌዎች አሉ፤ የሰውን ዕድሜና ክብር መዝነው ነው የሚያስቀምጡት። አባቴ ከሰባኪው አራተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ነው የሞተው። እኔን ወደ ሰገነቱ ከሚያወጣው ደረጃ ሥር ካለ አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ። ክረምት ላይ ወጣቶቹ ወደ ሰገነቱ ሲወጡ ከጫማቸው የሚረግፈው በረዶ አናቴ ላይ ይቀልጣል። ስብከቱን ሰባት ዓመት በእርጥብ አንገት ሰማሁ።

ከሁሉ የከፋው ግን ዘሩ ነው። በዚያ ጸደይ የሚዘራ በቆሎ አልነበረኝም። ከዲያቆኑ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ቤት ደጅ ጠናሁ። «ለእኛም አልበቃን፣ ጎረቤት» ይሉኛል፤ ከትከሻቸው በላይ ግን ከጣሪያው የተንጠለጠለው ቢጫ በቆሎ ይታየኛል። ሁለት ቀን በእግሬ ሄጄ ስቶክብሪጅ፣ የአገሩ ጥንታዊ ባለቤቶች ሕንዶቹ ጋ ደረስኩ። ልጇ ከእኛ ጦር ጋር የዘመተባት አንዲት ሴት ስምንት ራስ በቆሎ ሰጠችኝ። እንደ ደረቀ ደም ጥቁር ቀይ ነው፤ ፍሬው ክብ፣ ጠጣር፣ የሚያብለጨልጭ። የማን ወንድም እንደሆንኩ አልጠየቀችኝም።

ከዚያ ወዲህ የምዘራው እሱን ነው። ያቤጽ ፒም ሲፈጭልኝ ከሁሉ በኋላ ነው የሚፈጭልኝ፤ «ያንተ ዱቄት የሰውን ያጠቁራል» ይላል።

ይህን ሁሉ የምለው በ1784 መጋቢት የሆነውን እንድትረዱት ነው።

ጦርነቱ አልቆ ሰላም ከተፈረመ በኋላ የንጉሡ ወገኖች አንድ አንድ እያሉ ይመለሱ ጀመር። አንዳንዱ መንደር በዱላ አባረራቸው፤ አንዳንዱ ዝም አለ። ዮታም የመጣው በጥር መጨረሻ በሌላ ሰው የበረዶ ተንሸራታች ጋሪ ላይ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነው። ሚስቱን በዚያ በባዕድ ጭንጫ ውስጥ ቀብሯታል። ከግራ እጁ ሁለት ጣት ውርጭ ወስዶበታል። ሳሉ ደግሞ የአባታችን ሳል ነው፤ ከታች፣ ከጎድን ሥር የሚወጣ።

በሩ ላይ ቆሞ፣ «አሳፍ፣ ገና አልሸበትክም እኮ!» አለኝ።

«ለመሸበት ጊዜ አልሰጡኝም» አልኩት።

አስገባሁት። ወንድሜ ነው፤ ሌላ ምን ላደርግ? ባለቤቴ ዶርካስ የጓሮውን ክፍል አጸዳችለት።

የማልረሳው ሌላ ነገር ደግሞ ያኔ ጀመረ። በእርሱ ምክንያት ሰባት ዓመት ዘግተውኝ የነበሩት ሰዎች፣ እሱ ሲመጣ ቤቴን ያንኳኩ ጀመር። የሻምበል ፔክ ሚስት የዱባ ኬክ አመጣች። ለኔ አይደለም። «ለምስኪኑ ዮታም» አለች። ያቤጽ ፒም የፖም ጠጅ በማሰሮ ይዞ መጥቶ፣ «አንተ ሌባ፣ ያ ቫዮሊንህስ?» እያለ ትከሻውን መታው። ዮታም ሳቀ፣ ሳለ፣ ደግሞ ሳቀ። ለካ ኃጢአቱ የእሱ ሆኖ ቅጣቱ የእኔ ነበር። ከልጅነታችንም እንዲሁ ነው፤ እሱ እንስራ ይሰብራል፣ እኔ እገረፋለሁ፣ ከዚያ እናቴ እሱን ታባብላለች።

እኔም መጠርጠር ጀመርኩ። ሰው ያለ ምክንያት አይመለስም። አንድ ጠዋት ቁርስ ስንበላ፣ የበቆሎ ገንፎውን እያማሰለ፣

«ላይኛው መስክ ላይ ዘንድሮ ምን ትዘራለህ?» አለኝ።

ላይኛው መስክ በአባታችን ኑዛዜ የእሱ ነበር። ሲሸሽ መንደሩ ወሰደው፤ ኋላ ማንም ስላልፈለገው ለእኔ ለቀቁልኝ። ድንጋይ ነበር። ድንጋዩን እኔ ነኝ ለቅሜ የአጥር ካብ ያደረግሁት። ሰባት ዓመት።

«ለምን ጠየቅኸኝ?» አልኩት።

«እንዲያው ነው።»

እንዲያው የሚባል ጥያቄ የለም። ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ከእሱ ላይ አልተነሣም። አንድ ቀን በመስኮት ስመለከተው፣ ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ ወጥቶ የፖም ዛፎቹን በጣቱ ሲቆጥር አየሁት። ዶርካስን ጠርቼ አሳየኋት።

«አየሽ? እየቆጠረ ነው።»

«አባታችሁ የተከላቸው አይደሉ እንዴ? የተረፉትን እያየ ይሆናል።»

«አንቺም ጀመርሽ።»

«እኔ ምንም አልጀመርኩም» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

የዮታም ነገር፣ ይኑር ወይስ ይሂድ የሚለው፣ መንደሩ በየዓመቱ መጋቢት ላይ ለሚያደርገው ጉባኤ ቀረበ። ሻምበል ፔክ ሰብሳቢ ነበር። ሌላ ጊዜ ድምፅ የምንሰጠው እጅ በማውጣት ነው፤ ሰውና ሰውን የሚያጣላ ነገር ሲመጣ ግን በቆሎና አደንጓሬ ነው። በቆሎ እሺ ማለት ነው፣ አደንጓሬ እምቢ። እያንዳንዱ ሰው ከሁለቱም አንድ አንድ ፍሬ ከቤቱ ይዞ ይመጣል፣ አንዱን በጭብጡ ውስጥ ደብቆ ባርኔጣ ውስጥ ይጥላል፣ ማን ምን እንደጣለ አይታወቅም። ለንጉሡ ወገኖች ደግሞ ሻምበሉ አንድ ደንብ አውጥቶ ነበር፦ አንዲት አደንጓሬ ከተገኘች ሰውየው ፀሐይ ሳይጠልቅ ከመንደሩ ይወጣል። «በጦርነቱ ልጅ የቀበረ አለ» አለ። «ይቅር ያላለውን ሰው ከጎኑ አስቀምጬ ኑር አልለውም።»

ፍትሐዊ ነው። ግን አስቡት፤ ዮታም በዚያ ሳል በመጋቢት በረዶ የት ይደርሳል? ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሃሊፋክስ አይደርስም። የሚቀጥለው መንደርም አይደርስም።

ሰኞ ጠዋት ዶርካስ ሁለት ፍሬ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። አንዱ ከእኛው በቆሎ ነው፣ ሌላው አደንጓሬ። ሁለቱም ጥቁር ቀይ፣ ሁለቱም የሚያብለጨልጩ።

«በቆሎውን በቀኝ ኪስህ፣ አደንጓሬውን በግራ» አለች። «እንዳይምታታብህ።»

«ምን ይምታታብኛል?»

ዓይኔን አየችና ኮቴን አስተካከለችልኝ።

ዮታምን በተንሸራታቹ ጋሪ አድርጌ ወሰድኩት። መግባት አይፈቀድለትም፤ ጉዳዩ የእሱ ነዋ። ከመሰብሰቢያው ቤት ውጪ፣ ሰዎች ከፈረስ ሲወርዱ የሚረግጡት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ስገባ፣ «አሳፍ» ብሎ ጠራኝ። ዞርኩ። አየኝ ብቻ። እናቴ ከገበያ ስትመለስ ልጅ ሆኖ ቅርጫቷን የሚያየው እንደዚያ ነበር፤ ለእኔ ምን ይዘሻል የሚል አስተያየት።

ሃምሳ ስምንት ሰዎች ነበርን። ተሰለፍን። ዲያቆን ሆልት ከኋላዬ ነበር። አርጅቷል፤ ዓይኑም ደክሟል፤ መነጽር ግን አያደርግም፤ መነጽር ማድረግ ሽንፈት ይመስለዋል።

«አሳፍ» አለ ጆሮዬ ሥር፣ «ዛሬስ አናትህ ደርቋል? ደረጃው አያንጠባጥብብህም?»

«ዛሬ ቆሜ ነው፣ ዲያቆን።»

«ቆመህ ነው፣ ቆመህ ነው። ወደየትኛው ወገን ዘንበል ብለህ እንደቆምክ ነው ያላወቅነው።»

ከፊታችን ያሉት ሁለት ሰዎች በአፍንጫቸው ሳቁ። ስማቸውን አውቃለሁ።

ጠረጴዛው ጋ ደረስኩ። የሻምበሉ ባለሦስት ማዕዘን ባርኔጣ ተገልብጦ ተቀምጧል፤ በላዩ ላይ ጨርቅ ጣል ተደርጎበታል። ሁለቱም እጆቼ ኪሴ ውስጥ ነበሩ። ቤቱ እሳት የለውም፣ ጣቶቼ ደንዝዘዋል። ላይኛው መስክ ትዝ አለኝ፤ ካቡ፣ የጀርባዬ ውጋት። የዱባው ኬክ ትዝ አለኝ። «ምስኪኑ ዮታም።» ግራ እጄ ከኪሴ ግማሽ ድረስ ወጣ። አልዋሽም፣ ወጣ።

ያኔ ዮታም ውጪ ሳል ያዘው። ግድግዳውን አልፎ ተሰማ፤ የአባቴ ሳል። ግራ እጄን መልሼ ቀኙን ከጨርቁ ሥር አስገባሁና ለቀቅሁ።

ሁሉም ጥሎ ሲያበቃ ሻምበሉ ባርኔጣውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ። ቢጫ፣ ቢጫ፣ ቢጫ። ሃምሳ ሰባት ቢጫ። እና አንዲት ጥቁር።

ዲያቆን ሆልት ጎንበስ ብሎ በሁለት ጣቱ አነሣት፤ ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ለሁሉም አሳየ።

«አደንጓሬ!»

ከዚያ፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ሃምሳ ሰባቱም ራስ ወደ እኔ ዞረ። አንድም ሰው ወደ ሌላ አላየም። ልጅ የቀበሩት ሁለት አባቶች እዚያው ቆመዋል፤ ወደነሱ ማንም አላየም።

ለአፍታ እኔም ራሴን ተጠራጠርኩ። ደንዛዛ ጣት ነው፤ ማን ያውቃል? ግራ እጄን ኪሴ ውስጥ አሻሸሁ። አለች። ጠፍጣፋዋ ጎኗ ይታወቃል። አደንጓሬዋ እዚያው ናት። ባሳያቸው ግን ሁለት ይዞ ነው የመጣው ይሉኛል።

«እሷ አደንጓሬ አይደለችም» አልኩ። «በቆሎ ናት።»

«ማን ነገረህ?» አለ ዲያቆኑ።

«የእኔ ናት።»

ጉምጉምታ ተነሣ። የአክስቴ ልጅ ባል ከኋላ፣ «የገዛ ወንድሙን!» አለ። ሌላው፣ «ለመሬቱ ብሎ ነዋ፣ ሌላ ምን ይሆናል» ሲል ሰማሁት። ሰባት ዓመት የዮታም ወንድም ስለሆንኩ ጠሉኝ፤ አሁን ደግሞ ወንድሙ ስላልሆንኩ። ሰው እንዴት አድርጎ ይኑር?

«እናንተ ዘር ከለከላችሁኝ» አልኩ። «ከስቶክብሪጅ ነው ያመጣሁት። የእኔ በቆሎ ቀለሙ እንደዚያ ነው። ስጡኝ፣ ልንከሳትና ላሳያችሁ።»

ዲያቆኑ እጁን ወደ ደረቱ ሰበሰበ። «እንዳትሰጡት! ይውጣታል! ማስረጃውን በልቶ በንጹሕ አፍ ሊከራከረን!»

ሳቅ ሆነ። በዚያች ሰዓት ሳቁ። ከውጪ አንድ ሰው ለዮታም ነግሮት ይሁን አላውቅም፣ ሳሉ ቆመ።

«ሻምበል» አልኩ፣ «እኔን አትመኑኝ። ማንም ይንከሳት። የፈለጋችሁት።»

ሻምበሉ ፒፓውን ከአፉ አወጣ። «እህል የሚያውቅ ማን አለ?»

«ፒም» አሉ ሁለት ሦስት ሰዎች። «ያቤጽ ይያት።»

ያቤጽ ፒም አልቸኮለም። በ1777 ዓይኑን እስኪጠርግ የሳቀው ሰው ነው። ፍሬዋን ከዲያቆኑ ተቀበለ፤ ዲያቆኑ ጣቶቹን አንድ በአንድ ነበር የፈታለት። ያቤጽ ወደ መስኮቱ ሄደ። በአውራ ጣቱ ላይ አንከባለላት። አሸተታት። ዕድሜውን ሙሉ የወፍጮ ድንጋይ ሲያዳምጥ ስለኖረ ራሱ ወደ አንድ ጆሮው ያዘነበለ ሰው ነው፤ ጆሮው አጠገብ አድርጎ በጥፍሩ መታት። አንዱ፣ «ጸሎት ታስተምረናለች?» አለ። ማንም አልሳቀም።

ከዚያ በመንጋጋው መካከል አድርጎ ነከሳት።

ቀጭ አለች። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ጥይት የተተኮሰ ነው የሚመስለው። ያቤጽ መዳፉ ላይ ተፋትና እጁን ዘረጋ። ውስጧ እንደ ኖራ ነጭ ዱቄት ነበር።

«በቆሎ ናት» አለ። «የአሳፍ በቆሎ። ከሁሉ በኋላ የምፈጫት።» ደግሞም ወደ ማንም ሳያይ፣ «ጣዕሟ ከኛ ይሻላል» አለ።

ዲያቆን ሆልት ወደ መስኮቱ ጠቆመ። «ብርሃኑ ነው። ደመና ነው ዛሬ።» ፀሐይዋ ወለሉ ላይ ተዘርግታ ነበር። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም፤ እስከ ዛሬም አልወጣም።

«ሃምሳ ስምንት በቆሎ፣ አደንጓሬ የለም» አለ ሻምበሉ። «ዮታም ታትል ይቀመጣል።»

በሩ ተበረገደ። ሁሉም ወደ ውጪ ተንጋጋ። ዮታምን ከድንጋዩ ላይ አነሡት፣ ጀርባውን መቱት፣ አንዱ ባርኔጣውን አጠለቀለት፣ ሌላው የሩም አረቄ ኩባያ አፉ ላይ ደገነበት። ያ «ለመሬቱ ብሎ ነው» ያለው ሰውዬ ጉንጩን ሳመው። ዲያቆኑም ሳይቀር እጁን ጨበጠው፤ «የጠፋው በግ» ምናምን አለ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ። ወደኔ የመጣ የለም። የተሳሳተው ማን እንደነበረ ሁሉም ያውቃል፤ የተሳሳቱበትን ሰው ማየት ግን ዓይን ያማል መሰለኝ።

ቀስ በቀስ ሰዉ ተበታተነ። ዮታም የተደገፈውን ድንጋይ ለቆ፣ ፊቱ በአረቄው ቀልቶ፣ ወደኔ መጣ። ዓይኑ እርጥብ ነበር።

«ሁሉንም ነገሩኝ» አለ። «በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የእኔ ናት አልክ አሉ።»

«የእኔ ነበረቻ።»

«አመሰግናለሁ፣ አሳፍ።»

ራሴን ነቀነቅሁ። ፈረሱን ልፈታ ዞርኩ። በቀኝ እጄ ነበር የምፈታው፤ በአንድ እጅ ቋጠሮ መፍታት ያስቸግራል። ዮታም እጄን አየ። ከእኔ ጋር በአንድ አልጋ ተኝቶ ያደገ ሰው ነው።

«አባባ እንስራውን ማን ሰበረው ሲል ትዝ ይልሃል?» አለ። «እኔ እዋሻለሁ፣ አንተ ደግሞ ስብርባሪውን ይዘህ ትቆማለህ። ሁልጊዜ በግራ እጅህ። ከጀርባህ ደብቀህ።»

ቋጠሮው እምቢ አለኝ።

«አሳፍ» አለ፤ ድምፁ ዝቅ አለ፣ የሚስቅ አይመስልም፣ የሚቆጣም አይመስልም። «ግራ እጅህን ለምን ከኪስህ አታወጣትም? ምን ይዘህባታል?»

ጣቶቼ አደንጓሬዋን ጨበጡ። ሞቃለች። ከጠዋት ጀምሮ ይዣት ነበርና።

ልጓሙን እጁ ላይ አስጨብጬው፣ በእግሬ በላይኛው መስክ በኩል ወዳለው መንገድ ተነሣሁ። ከኋላዬ አንዴ ስሜን ጠራ። አልመለስኩለትም።